ክርክር፦ የአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈር ይፍረስ ወይስ ይጠገን?

ነገሩ የተጀመረው ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ ቡና ላይ ነው። አቦሉ ተጠጥቶ ሳያልቅ የአዲስ አበባ ወሬ ተነሳ፤ በ2016 ፒያሳ፣ 2017 ሲገባ ደግሞ ካዛንቺስ እንዴት እንደፈረሱ። አንድ ጎልማሳ «ዘገየ እንጂ!» አለ። አጠገቡ የነበሩት እናት ስኒያቸውን አስቀምጠው «ሰዉስ የት ገባ?» አሉ። በቃል ቢቀጥል ጭቅጭቅ ሆኖ እንደሚቀር ስላወቅን በጽሑፍ ተሟገቱ አልናቸው።

እሱ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ላይ ስምንት ዓመት የሠራ መሐንዲስ። እሳቸው ደሴ ተወልደው አራት ኪሎ አካባቢ በቀበሌ ቤት 31 ዓመት የኖሩ፣ ቤቱ ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም የገቡ፣ በጡረታ ወደ ደሴ የተመለሱ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ናቸው። ስማቸውን አንጽፍም፤ ደሴ ላይ የሚያውቃቸው ያውቃቸዋል።

መሐንዲሱ፦

እትዬ፣ ነውር አይሁንብኝና ከሽንት ቤት ልጀምር። ተመርቄ የመጀመሪያ ሥራዬን የያዝኩ ጊዜ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ የቀበሌ ቤት ውስጥ ደባል ነበርኩ። ግቢው 9 አባወራ፣ አንድ ጉድጓድ ሽንት ቤት። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሰልፍ አለ። ክረምት ላይ ጉድጓዱ ይሞላል፤ መምጠጫ መኪና ይጠራል፤ መኪናው ግን መንገዱ ጠቦት አስፋልቱ ላይ ይቆማል፣ ቱቦው እኛ ጋ አይደርስም። ከዚያ ምን ይደረጋል? ማታ ሰው ሲተኛ ወደ ቦዩ ይለቀቃል። ከቦዩ ወደ ወንዝ፣ ከወንዙ ወደ ታችኛው ሰፈር። ያን ኑሮ «መተሳሰብ ያለበት ሰፈር» እያለ የሚያሞግስ ሰው ባየሁ ቁጥር፣ ሰልፉ ላይ ስንት ጠዋት ቆመሃል ብዬ መጠየቅ ያምረኛል። እርስዎ ቆመዋል፤ ስለዚህ እርስዎን አልጠይቅም።

ሰፈሩ እንዲህ የሆነው ሰዉ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ለድሃው እፎይታ እንደነበር አልክድም። ነገር ግን በወር ጥቂት ብር የሚከፈልበትን ቤት ማን በምን ገንዘብ ይጠግነዋል? ቀበሌው አቅም የለውም። ተከራዩ «የኔ አይደለም» ይላል፤ ላድስ ቢልም ፈቃድ ፍለጋ ሲመላለስ ክረምቱ ይገባል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሃምሳ ዓመት ሞላ።

ጭቃ ቤት በየጊዜው ከመረጉት ረጅም ዕድሜ አለው፤ ከተዉት ግን ከሥሩ ይሞታል። ምርጊቱ ሲረግፍ ዝናብ ይገባል፣ አጣናው ይበሰብሳል፣ የቀረውን ምስጥ ይጨርሰዋል። ለግምት በገባንባቸው ቤቶች የግድግዳውን ሥር በብረት ዘንግ ስነካው፣ ስንቱ ቋሚ ከመሬት በታች ጭራሽ አልነበረም። ታዲያ ቤቱ እንዴት ቆመ? ጎረቤቱን ተደግፎ! ጎረቤቱም ሌላውን። አንዱን ልጠግን ብለው ቢነኩት ሦስቱ ይወርዳሉ። «ይጠገን» የሚሉት ምኑን ነው?

እሳቱንም አይርሱ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ካስቸገራቸው ነገር አንዱ የመንገዱ ጥበት ነው። መሃል አዲስ አበባ፣ የአገሪቱ ውድ መሬት ላይ፣ ፎቅ የማያውቅ ጭቃ ቤት ተጣብቆ ተቀምጧል፤ ከተማው ደግሞ ወደ ጎን እየሰፋ የገበሬ ማሳ ይበላል። ይፍረስና ወደ ላይ ይሠራ ነው የምለው።

ጡረተኛዋ፦

ልጄ፣ ሽንት ቤቱን ለቀቅሁልህ። ወላሂ እኔም አልናፍቀውም። ቤቴም እንዳልኸው ጎረቤት ተደግፎ የቆመ ነበር፤ በስተግራ ያሉት ሽማግሌ ምስማር ሲመቱ የእኔ መስታወት ከግድግዳው ይወድቅ ነበር። እኔ ቡናው ላይ ያልሁት ግን ሰዉ የት ገባ ነው። እሱን ዘለልኸው።

ሊያፈርሱ ሲመጡ መጀመሪያ የመጣው ዶዘር እንዳይመስልህ። መዝገብ የያዘ ልጅ ነው የመጣው፤ ትሁት ልጅ ነበር። የቤት ቁጥር ጠየቀኝ፣ ስም ጠየቀኝ፣ የኪራይ ደብተሬን አየ፣ ጻፈ፣ ሄደ። በዚያ ቤት የምንኖረው ስድስት ነበርን። እኔ፣ ከኩታበር ያመጣኋት የእህቴ ልጅ፣ ከጓዳው ጎን በላሜራ በከለልናት ክፍል እንጀራ ሻጯ ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ ቆጡ ላይ ደግሞ ካልሲ የሚያዞር የወረባቦ ልጅ። መዝገቡ ላይ የሰፈረው አንድ ስም ነው፤ የእኔ። የቀሩት ደባል ናቸው። ደባል ደግሞ መዝገብ ላይ የለም።

ለእኔ ስቱዲዮ ደረሰኝ፤ ጀሞ። 20 በመቶውን ከዕቁብና ከአንገቴ ወርቅ አወጣጥቼ ከፈልሁ፤ 80 በመቶው የባንክ ዕዳ ሆነ። ከጎረቤቶቼ ያንን 20 በመቶ ማውጣት ያልቻሉት ምትክ የቀበሌ ቤት ይሰጠን ብለው ወደ ሌላ አሮጌ ሰፈር ሄዱ። ከቻሉትም ውስጥ ወርሃዊውን ለመክፈል ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ደባል የገቡ አሉ። እንጀራ ሻጯ ላሜራዋን በጋሪ ጭና ወንዝ ዳር ወረደች። ከዓመት በኋላ ልጠይቃት ብሄድ ያቺው ላሜራ፣ ያው ምጣድ፣ ሽንት ቤቱ የባሰ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። አንተ ሰፈር አፈረስሁ ትላለህ፤ ሰፈሩ እግር አውጥቶ ሌላ ቦታ ተቀምጧል።

እዚያ ስትኖር እኮ ለሦስት ምግብ ቤትና በአካባቢው ላለ ላጤ ሁሉ ታስረክብ ነበር። በእግሯ ታደርሳለች፤ እስክትመለስ ልጆቿን ጎረቤት ያያል፤ የታክሲ የለ፣ የሞግዚት የለ። ወንዝ ዳር ማን ይገዛታል? እኔ ባለደሞዟ እንኳ ከጀሞ አራት ኪሎ ሁለት ታክሲ፣ ዝናብ ሲሆን ሦስት። በሽንት ቤት ሰልፍ ፋንታ የታክሲ ሰልፍ ሰጣችሁኝ፤ ይሄኛው ደግሞ ይከፈልበታል።

እድራችን ሁለት ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ የሸክላውንና የብረቱን ድስት ጨምሮ አንድ ክፍል ሙሉ ዕቃ ነበረው። አባሉ አራት ማዕዘን ሲበተን ለቅሶ ማን የት ይድረስ? ተሸጦ ተከፋፈልነው፤ የደረሰኝ ብር የሳምንት አስቤዛ አልሞላም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ እድር ውስጥ ነበርን። ለእኔ ለወሎዬዋ ይሄ ብርቅ አይደለም፤ ግን አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ጎረቤቴን ለማወቅ ሁለት ዓመት ነው የፈጀብኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ሰፈሩ የመኳንንቱ ሰፈር ነበር፤ ራስ የተባለውም ፊታውራሪውም መሃል ላይ፣ አሽከሩ፣ ሠራተኛው፣ ጠጅ ጣዩ ዙሪያውን። የሀብታም ቪላና የድሃ ጎጆ በአንድ አጥር ሲዋሰን ያየነው ከዚያ የመጣ ነው። ሀብታሙ መንገድ ሲያስጠርግ ድሃውም ይሄድበታል። አሁን ድሃውን ለብቻው አውጥታችሁ ዳር አስቀመጣችሁት።

መሐንዲሱ፦

ስለ ደባሉ ያሉትን እቀበላለሁ። ራሴ ደባል ነበርኩ፤ የነበርኩበት ግቢ በእኔ ጊዜ ቢፈርስ ኖሮ ሻንጣዬን ይዤ ከመውጣት በቀር ምንም አይደርሰኝም ነበር። ይህ የሕጉ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳ ስላለው ግን ድስቱን እንጣለው?

እስቲ ልጠይቅዎት። እንጀራ ሻጯ ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ተጎዳች፤ ሳይፈርስስ ደህና ነበረች? መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። ቤት ቢያገኙ ያ ሁሉ ሰው የቆሻሻ ተራራ ሥር ጎጆ ይቀልሳል? የ1999ኙ ሕዝብና ቤት ቆጠራ አዲስ አበባን 2.7 ሚሊዮን ነው ያላት። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም፤ ከተማዋ ግን ቆጠራ አልጠበቀችም። በ1997 ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡት ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ዕጣ የጠበቁ አሉ። ሕፃን አዝሎ የተመዘገበ ሰው ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶበታል። በጭቃ እየመረግን ይህን ሰልፍ አንጨርሰውም።

«እዚያው ሠርታችሁ እዚያው መልሱን» ሊሉኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቡናውም ላይ ብለውኛል። በከፊል ተደርጓል። ልደታ ላይ ከፈረሰው ቦታ የተወሰነው የጋራ መኖሪያ ቤት ሆኗል። ለምን ሁሉም ቦታ አልተደረገም? እውነቱን ልንገርዎት፤ መሬቱ ውድ ስለሆነ ነው። ከተማ መንገድ፣ የፍሳሽ መስመር፣ ድልድይ የሚሠራበት ገንዘብ ከየትም አይወርድም። መሃል ላይ ያለ ቦታ በሊዝ ሲሸጥ ዳር ላይ ውሃ ይገባል። ድሃውን መሃል ላይ ካስቀመጡት ያ ገንዘብ ይቀራል፤ ዳር ካወጡት እርስዎ ያሉት ሁሉ ይደርሳል። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ይህን ሒሳብ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ በሁለቱም በኩል አይዘጋም። ስለዚህ የሚያሳዝነውን ከሚገድለው መረጥኩ።

እርስዎ የሚሉት መልካም ነገር ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። የበሰበሰው ቋሚ ጊዜ አይሰጥም።

ጡረተኛዋ፦

አብሽር፣ ሒሳቡ ባይዘጋልህ አልፈርድብህም። ግን የሊዙን ገቢ ስትደምር የእንጀራ ሻጯን ኪሳራ የት መደብ ጻፍኸው? የእኔን የታክሲስ? እድሩን? እነሱ ወጪ አይደሉም? ከተማው አልከፈላቸውም እንጂ ተከፍለዋል፤ የከፈልነው እኛ ነን።

ጭቃ እየመረግን አይሆንም አልህ። እኔም ምርጊት ብቻ አላልሁም። አንተ ደባል በነበርህበት በተክለ ሃይማኖት በኩል እኮ ገና በደርግ ጊዜ በዓለም ባንክ ብድር ሰፈር ሳይፈርስ መንገድ፣ ውሃና መጸዳጃ የማስገባት ሥራ ተሠርቷል። ወይዘሮ ጀምበር ተፈራም ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባ ድሃ ቀበሌዎች ነዋሪውን ይዘው ቤት ሲያድሱ፣ የጋራ ማእድ ቤትና ሽንት ቤት ሲሠሩ ኖረዋል። ኮብልስቶኑንስ ማን አነጠፈው? የሰፈር ወጣት ጠርቦት፣ ነዋሪው አዋጥቶለት፣ መኪና የማይገባበት ውስጥ ለውስጥ መንገድ ሁሉ ከጭቃ ወጣ። ቦቴው እንዲገባ ሦስት ቤት ማንሳት ካስፈለገ ሦስቱን አንሱ፤ እነዚያን ሦስቱን እዚያው ግቢ አንድ ፎቅ ሠርታችሁ አስገቧቸው። ለዘጠኝ ቤት ሽንት ቤት ብላችሁ ሦስት መቶ ቤት ማንሳት ምን አመጣው?

ሰው ማንሳትም አዲስ ብልሃት አይደለም። ጣልያን በአምስቱ ዓመት ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ መርካቶ አለው። ዛሬ እሳት አደጋ መኪና አልገባበት አለ የምትለኝ ያንኑ መርካቶ ነው።

ደግሞ ይሄን ክርክር ደሴ ላይ ቁጭ ብለን ለምን እንከራከራለን? አዲስ አበባ ለምን እንደምትጣበብ ከፈለግህ ከንጋቱ 10 ሰዓት መናኸሪያችን ሂድና ቁም። ያንን የወረባቦ ልጅ ያመጣው አውቶቡስ ዛሬም ይነሳል፤ 400 ኪሎ ሜትር ነው። የ1966ቱ ድርቅ ላከ፣ የ1977ቱ ላከ፣ ጦርነቱ ላከ። እናንተ እዚያ አንድ ሰፈር ስታነሱ እኛ ከዚህ ሌላ ሰፈር እንልክላችኋለን። ምኒልክ እንኳ ማገዶ አልቆ ከተማው ሲጨንቃቸው ወደ አዲስ ዓለም ሊያነሱት አስበው ነበር፤ ባሕር ዛፉ ነው ያስቀራቸው። ያን ጊዜ ከተማን ማቅለል ይታሰብ ነበር። ዛሬ ሁሉም እዚያው ይከመራል። ኮምቦልቻ በ2009 የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅላት፣ ሐዲዱም ሲዘረጋ፣ እኔ ጀሞ ሆኜ እልል ብያለሁ። የእህቴን ልጅ «አርፈሽ ወደ አገርሽ ተመለሽ» ያልኋት ያን ጊዜ ነው።

መሐንዲሱ፦

ተመለሰች? ፓርኩ እኔ ካደግሁበት ሰፈር ሩቅ አይደለም። ልጆቹን አውቃቸዋለሁ፤ የሚያገኙት ደመወዝ የአንዲት ክፍል ኪራይ ከተቀነሰበት በኋላ ለሽሮና ለሳሙና ነው። ለአራት ለአምስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። የአዲስ አበባን ደባል ወደ ኮምቦልቻ አመጣነው እንጂ አላስቀረነውም። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ፓርኩም ተጎዳ። ሐዲዱ ከተዘረጋ ስንት ዓመቱ! ልጁ ግን ዛሬም በአውቶቡስ ነው የሚሄደው።

ስለ መርካቶው ግን ረቱኝ። ያንን አላሰብኩትም ነበር።

ይሁንና ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ ካሉ እንምጣ። ደሴ አሁን ያለችበትን ይመልከቱ፤ በአንድ በኩል ጦሳ፣ በሌላው አዝዋ ገደል፣ መሃሉን ቦርከና እየሸረሸረ። የሚሠራበት ሜዳ ሲያልቅ ሰዉ ወደ ዳገቱ ወጣ። መሬቱ የሚንሸራተት መሬት ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ግድግዳው የሚሰነጠቅ፣ በሩ አልዘጋ የሚል ቤት ስንት አለ! መሬቱ ከሥር ሲሄድ ምኑን ይጠግኑታል? እዚያስ ይጠገን ይላሉ?

ጡረተኛዋ፦

አልልም። ዳገቱ ላይ ያለው ይነሳ። የታላቅ እህቴ ቤት በሩ እንደዚያው አልዘጋ ብሏል፤ በየክረምቱ በሩን በመላጊያ ታስልገዋለች፣ በሩ ያጠረ መሆኑን ግን አትነግርህም። እሷን ተነሺ የሚላት ቢመጣ ከጎንህ ሆኜ እለምናታለሁ።

የእህቴ ልጅ ተመልሳለች፤ እዚያው ከእናቷ ጋር ናት። ፓርኩ አልያዛትም፤ እንጀራ ትጋግራለች፤ ከጓደኛዋ የተማረችው ነው።

ግን መዝገብ የያዘው ልጅ መጀመሪያ ሲመጣ አንተ አብረኸው ና። የኮሪደር ልማቱ እኛም ዘንድ ደርሷል፤ ነገ ቀይ ቀለም ግድግዳ ላይ ሲቀባ ደግሞ አንድ ቤት አንድ ስም ሊባል ነው። ቅዳሜ ከቡና በኋላ ሸዋ በር ካሉት ግቢዎች አንዱን መርጠን እንቁጠር። አንተ ዘንግህን ይዘህ ቋሚውን ነካ ነካ አድርግ፤ እኔ ደብተር ይዤ የሚያድረውን ሰው እጽፋለሁ፤ ደባሉንም፣ በላሜራ የተከለለችውንም። መሰላል ካገኘህ ይዘህ ና፤ ቆጡንም ማየት አለብን።